ከጉና እስከ ጣና፦ የወረታ አካባቢ ወንዞች፣ የፎገራ ሜዳና የሩዝ ታሪክ

ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የፎገራ ወረዳ መቀመጫ ናት። ከዚሁ ጎዳና ወደ ምሥራቅ ተገንጥሎ በደብረ ታቦርና በጋይንት በኩል ወልድያ የሚወጣው መንገድ የሚነሣውም ከዚችው ከተማ ነው። ይህን መንገድ በደርግ ዘመን የሠሩት ቻይናዎች ስለሆኑ ሕዝቡ እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» ይለዋል። ብዙ መንገደኛ ወረታን የሚያውቃት አውቶቡሱ ቆሞ ምሳ እስኪበላ ድረስ ነው። ከተማዋም ቢሆን ለጎብኚ የምታሳየው ቤተ መንግሥት ወይም ፏፏቴ የላትም። ነገር ግን በነሐሴ ወር ከሐሙሲት ተነሥቶ ወደ አዲስ ዘመን ያለፈ ሰው መንገዱ እንደ ድልድይ ከፍ ብሎ ግራና ቀኙ ውኃ ሆኖ፣ በውኃው ውስጥ ደግሞ አረንጓዴ ሰብል ቆሞ ማየቱን አይረሳም። በመጋቢት የተመለሰ እንደሆነ ያው መሬት እጅ እስኪያስገባ ድረስ ተሰነጣጥቆ ያገኘዋል። ስለ ወረታ አካባቢ መልክዓ ምድር ሲነገር መጀመሪያ ሊታወቅ የሚገባው ይህ ነው፤ ሜዳው በዓመት ሁለት ጊዜ መልኩን ይለውጣል።

ይህ ጽሑፍ የሜዳውን አመጣጥ፣ ከዚያም በሰው እጅ ያሳለፈውን ለውጥ በአጭሩ ይመለከታል። የኅብረት ሥራ ማኅበራት በዓላቸውን ሲያከብሩ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ኩንታልና ስለ ትርፍ ክፍፍል ነው። ኩንታሉን ያስገኘው መሬት ግን ከማንኛውም ማኅበር በፊት የራሱ ታሪክ ነበረው። ያን ታሪክ ማወቅ ዛሬ በየቀበሌው ለሚነሡት የግጦሽና የውኃ ክርክሮችም ሳይጠቅም አይቀርም።

ተራራው፣ ወንዞቹና ሐይቁ

ከወረታ ወደ ምሥራቅ ሲመለከቱ፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን፣ ከደብረ ታቦር ባሻገር የጉና ተራራ ይታያል። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። አናቱ ላይ ጅብራ ይበቅላል፤ ጎኑ የገብስና የድንች አገር ነው። የፎገራ ገበሬ ጉናን ብዙ ጊዜ የሚያነሣው ስለ ዝናብ ሲያወራ ነው። «ጉና ላይ ጠቁሯል» ከተባለ ሜዳው ላይ ጠብታ ባይወርድም ከብትን ከወንዝ ዳር ማራቅ ነው።

የዚህም ምክንያቱ ግልጽ ነው። የአካባቢው ሁለት ታላላቅ ወንዞች፣ ርብና ጉማራ፣ የሚነሡት ከዚሁ ከጉና ነው። ርብ በሰሜን በኩል ዞሮ ከወረታና ከአዲስ ዘመን መካከል ጎዳናውን አቋርጦ፣ ጉማራ ደግሞ በደቡብ በኩል ወርዶ ከሐሙሲትና ከወረታ መካከል አልፎ ሁለቱም ወደ ጣና ይገባሉ። የጣና ውኃ ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ 1,786 ሜትር ገደማ ነው። እንግዲህ ወንዞቹ ከምንጫቸው እስከ ሐይቁ ከ2,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳሉ ማለት ነው። ይህ ቁልቁለት ግን እኩል የተከፋፈለ አይደለም። አብዛኛው ከላይ፣ በተራራውና በኮረብታው ላይ ያልቃል። ወንዞቹ ከወረታ በታች ሲደርሱ መሬቱ ጠረጴዛ ይሆንባቸዋል፤ ሩጫቸው ይገታል፤ የተሸከሙትን አፈር ለመጣል ይገደዳሉ። የፎገራ ሜዳም ይኸው የተጣለ አፈር ነው።

ለጣና ከሚገባው የወንዝ ውኃ ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆነውን የሚያመጡት አራት ወንዞች ሲሆኑ እነሱም ግልገል ዓባይ፣ መገጭ፣ ርብና ጉማራ ናቸው። ከአራቱ ሁለቱ በፎገራ ሜዳ ያልፋሉ። ጣና ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ቢሆንም ጥልቀቱ ትንሽ ነው፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታው እንኳ 14 ሜትር ያህል ብቻ ነው። በመሆኑም ሐይቁ በአንድ ሜትር ከፍ ወይም ዝቅ ባለ ቁጥር በሜዳው በኩል ዳርቻው እጅግ ይገፋል ወይም ይሸሻል። ገደል በሆነው ዳርቻ ይህ ለውጥ አይታወቅም፤ ፎገራ ላይ ግን የአንድ ቀበሌ እርሻ ሊሆን ይችላል።

የሐይቁ ዕድሜ ራሱ የሚያስገርም ነው። ሳይንቲስቶች ከሐይቁ ወለል ጭቃ በዘንግ አውጥተው ሲመረምሩ፣ ከዛሬ 16 ሺህና 17 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ጣና ደርቆ እንደነበረና ኋላም ደንገል የበቀለበት ረግረግ ሆኖ እንደቆየ ደርሰውበታል። ዝናቡ ከተመለሰ በኋላ ነው ሞልቶ ዓባይን ማፍሰስ የጀመረው። ስለዚህ «ጣና ሊደርቅ አይችልም» የሚለው አነጋገር ለማጽናኛ ካልሆነ በስተቀር እውነትነት የለውም።

አካባቢው እሳተ ገሞራ የሠራው አገር መሆኑን የሚያስታውሱ ሌሎች ምልክቶችም አሉ። ከአዲስ ዘመን አልፎ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ እንደ ጣት ቀጥ ብሎ የቆመው አሞራ ገደል የሚባለው ዐለት አንዱ ነው። በጥንት ጊዜ በእሳተ ገሞራ ጉሮሮ ውስጥ የቀዘቀዘው ጠንካራ ድንጋይ በዙሪያው ያለው ለስላሳ አፈርና ድንጋይ ታጥቦ ሲሄድ ብቻውን ቀረ። በደቡብ ደግሞ በጉማራ ወንዝ ዳር፣ ደራ ውስጥ፣ የዋንዛዬ ፍል ውኃ አለ፤ ከሩቅም ከቅርብም ሰው ለመታጠብና ለመፈወስ ይሄድበታል። ሁለቱም ለቱሪስት መጽሔት የሚበቁ ናቸው። ለፎገራ ገበሬ ግን ከሁሉ የሚበልጠው የተፈጥሮ ምልክት እግሩ ሥር ያለው ጥቁር ዋልካ አፈር ነው። ይህ አፈር ሲርስ ያብጣል፤ ውኃ አያሳልፍም። ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በሬ በክረምት ይሰምጥበታል፤ በበጋ ማረሻ ይሰብራል። ጤፍ በደህና ዓመት ይሰጣል፤ ውኃ በተኛበት ዓመት ግን ሥሩ በስብሶ ይቀራል።

የከብት አገር

ሩዝ ከመግባቱ በፊት ፎገራ የሚታወቀው በከብቱ ነበር። የፎገራ ከብት ጥቁርና ነጭ ቡራቡሬ፣ ቀንዱ አጭር፣ አካሉ ሰፊ፣ ከኢትዮጵያ ነባር ዝርያዎች መካከል በወተት ሰጪነቱ ስሙ የተጠራ ነው። ከሌሎች ከብቶች የሚለየው ረግረግን መቻሉ ነው። ሌላው ከብት በእግር መበስበስ፣ በአልቅትና በጉበት ትል በሚያልቅበት ጭቃ ውስጥ እሱ ሲግጥ ይውላል። ይህ ጠባይ በአንድ ቀን የመጣ ሳይሆን በዚሁ ሜዳ ላይ በብዙ ትውልድ የተገኘ ነው።

የዚያ ዘመን አኗኗርም ከመሬቱ ጋር የተስማማ ነበር። ሰው ቤቱን የሚሠራው ከፍ ባለው ዳርቻና በጉብታ ላይ ሲሆን ዝቅ ያለውን ሜዳ ለከብት፣ ለሣርና ለውኃ ይተውለት ነበር። ለዚህ አንዱ ምክንያት ጎርፉ፣ ሌላው ወባ ነበር። ክረምቱ አልፎ ውኃው ሲሸሽ ከብቱ እየተከተለ ይወርዳል። ከውኃው ጋር አብሮ የሚሸሸውን እርጥብ መሬት ደግሞ ሽምብራና ጓያ ይዘሩበታል። በጣና ዙሪያ እንዲህ ያለው መሬት «ባሕር ሸሽ» ይባላል። ስሙ ሕጉን ጭምር ይናገራል፦ ባሕሩ ሲሸሽ የሰው፣ ባሕሩ ሲመለስ የባሕሩ ነው።

በዚህ ሥርዓት መካከል ሸሸርና ወላላ የሚባሉት ሁለት ታላላቅ ረግረጎች ነበሩ። ከጣና ጋር በቀጥታ አይገናኙም። ርብ በክረምት ከአፉ እስከ ገደፉ ሞልቶ ሲፈስ የሚተርፈው ውኃ ይሞላቸውና እስከ በጋው ድረስ ይቆያሉ። አምባዛ ዓሣ እንቁላሉን ለመጣል ወደነዚህ ይወጣል። ከአውሮፓና ከሩሲያ ብርድ ሸሽተው የሚመጡ እግረ ረጃጅም ወፎች ይሰፍሩባቸዋል። ለከብቱ ደግሞ ሌላው ሣር ሁሉ ሲደርቅ የመጨረሻው መጠጊያ ናቸው። በወረቀት ላይ «ጥቅም ላይ ያልዋለ መሬት» ተብለው የተመዘገቡበት ጊዜ ነበር። ይህን የጻፈ ሰው በሚያዝያ ወር ከብት ነድቶ እንደማያውቅ ግልጽ ነው።

ከማኅበር የተገኘ ዘር

የሩዝ ታሪክ በፎገራ የሚጀምረው በሁለት የገበሬ ማኅበራት ነው። በ1970ዎቹ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ድጋፍ ሩዝ በሙከራ ሲዘራ ቦታ የተመረጠላቸው፣ በደራ ወረዳ የጅግና፣ በፎገራ ወረዳ የሻጋ የገበሬዎች አምራች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ነበሩ። ሜዳው ለሩዝ እንደሚስማማ አስቀድሞ የጠቆመም ነገር ነበር፤ በረግረጉ ውስጥ የዱር ሩዝ ራሱን ችሎ ይበቅል ነበር። ውኃ የሚያሰምጠው መሬት ውኃ የሚወድ ሰብል ቢሰጠው ያፈራል የሚለው ሐሳብ እዚያው ሣሩ መካከል ቆሞ ይጠብቅ ነበር ማለት ይቻላል።

የአምራች ማኅበራቱን ዘመን ብዙ ሽማግሌ በደግ አያነሣውም። መሬትና በሬ በግድ የተቀላቀለበት፣ ሥራው በነጥብ የተለካበት፣ እህሉ በተቆረጠ ዋጋ የተሸጠበት ዘመን ነው። በመጋቢት 1982 ዓ.ም. መንግሥት ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲያውጅ ገበሬው ሳይውል ሳያድር መሬቱን ተከፋፍሎ ማኅበራቱን በተነ። የጅግናና የሻጋም ዕጣ ይኸው ሆነ። ዘሩ ግን አልተበተነም። ከጅግና ማኅበር እርሻ የወጣው ነጭ ሩዝ በገበሬው ጎተራ ተቀምጦ፣ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት በብድርና በለውጥ እየተላለፈ ቆየ። ግብርና ቢሮም በ1980ዎቹ አጋማሽ ዘሩን እንደገና በሰፊው ማስተዋወቅ ጀመረ። ዝርያው ኤክስ-ጅግና ተባለ። የፈረሰ ማኅበር ስሙ በየማሳው ሲጠራ የሚኖርበት ሌላ ምሳሌ በአገራችን ብዙ ያለ አይመስልም።

ኤክስ-ጅግና የተወደደበት ምክንያት ነጭነቱ ነው። ዱቄቱ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ይወጣዋል፤ ለጠላና ለአረቄም ይሆናል። ምርምሩ ከዚያ በኋላ ፈጥነው የሚደርሱና በሽታ የሚቋቋሙ ሌሎች ዝርያዎችን አምጥቷል፤ ወረታ ላይም ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ተቋቁሟል። የቤት እመቤቶች ግን አዲስ ዝርያ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ኩንታሉ ሳይሆን ስለ እንጀራው ነው፤ ብዙ ጥሩ ዝርያም በምጣድ ላይ ወድቆ ቀርቷል።

ለውጡን ያላየ ሰው መጠኑን ለመገመት ያስቸግረዋል። ቀድሞ ለከብት ብቻ የነበረው ዝቅተኛ ሜዳ ታረሰ። በግንቦትና በሰኔ በደረቁ ወይም በመጀመሪያው ዝናብ ይዘራል፤ በሐምሌና በነሐሴ ቤተሰቡ በሙሉ፣ ሕፃን አዋቂ ሳይል፣ ጉልበቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ ያርማል፤ በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር ይታጨዳል። ከሩዙ በኋላ በቀረው እርጥበት ጓያ ወይም ሽምብራ ይከተላል። ወንዝ አጠገብ ያለው ደግሞ በውኃ መሳቢያ ሞተር ሽንኩርትና ቲማቲም ያለማል። ወረታ ውስጥ የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮዎች በረድፍ ተተከሉ፤ የሣር ክዳን በቆርቆሮ ተተካ። ሰዉ ሩዝን «ነጭ ወርቅ» ማለት ጀመረ።

ሌላም የማይረሳ ነገር አለ። መሬት ያልነበራቸው ወጣቶች ቀድሞ በየዓመቱ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ለሰሊጥ አጨዳ ይወርዱ ነበር። ብዙዎች ወባና ሌላም በሽታ ይዘው ይመለሱ ነበር። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከምና በፎገራ የተቀሰቀሰው የካላዛር ወረርሽኝ ከዚሁ የጉልበት ሥራ ጉዞ ጋር ተያይዞ እንደመጣ የሕክምና ባለሙያዎች ያምናሉ። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትወደው ደግሞ ይኸንኑ የተሰነጠቀ ጥቁር አፈር ነው። ሩዝ ጉዞውን ፈጽሞ ባያስቀረውም በአገሩ ሥራ የሚያገኘውን ወጣት ቁጥር ጨምሯል። ሩዙን የሚያማ ሁሉ ይህን አብሮ ሊያነሣ ይገባል።

ውኃው ሲመጣ

ሜዳው ሲታረስ ሰው ከጉብታው ወርዶ ወደ ውኃው ቀረበ። ውኃው ግን ልማዱን አልተወም። በ1998 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻና በተከታዩ መስከረም ርብና ጉማራ ከዳርቻቸው ወጥተው፣ ጣናም ሞልቶ ስለነበር የሚሄዱበት አጥተው፣ በፎገራና በሊቦ ከምከም ብዙ ሺህ ሰው ከቤቱ አፈናቀሉ። ሰብልና ከብት ወሰዱ። በሐይቁ ዳር እንደ ናበጋና ዋገጠራ ያሉ ቀበሌዎች ከውኃ መካከል የቀሩ ደሴቶች መሰሉ። እርዳታ በጀልባ የደረሰበት ቦታ ነበር።

ከዚያ በኋላ በወንዞቹ ግራና ቀኝ የአፈር ካብ የመሥራቱ ሥራ ተጠናከረ። የካቡ ጥቅም አይካድም፤ ከኋላው ያለ ማሳ ሌሊቱን ተኝቶ ያድራል። ነገር ግን ወንዙ ምን እንደሚሸከም መርሳት አይገባም። ከጉና ተዳፋት፣ ከፋርጣና ከእብናት እርሻ ታጥቦ የሚመጣው አፈር ቀድሞ በሜዳው ሁሉ ላይ በስሱ ይበተን ነበር፤ ማሳውንም ያለ ማዳበሪያ የሚያድሰው እሱ ነበር። ካብ ሲሠራ ደለሉ በወንዙ ሆድ ውስጥ ይቀመጣል፤ የወንዙም ወለል ከዓመት ዓመት ከፍ ይላል። በታችኛው ርብ ወንዙ ከጎኑ ካለው እርሻ ከፍ ብሎ የሚፈስበት ቦታ ተፈጥሯል። እንዲህ ያለ ወንዝ አንድ ቀን ካቡን ከጣሰ ወደ ቦዩ አይመለስም፤ አዲስ መንገድ ይፈልጋል። ስለዚህ ካቡን በየዓመቱ ከፍ ማድረግ ብቻውን መፍትሔ ሊሆን አይችልም። ሥራው ያለው ከላይ፣ ተዳፋቱ ላይ ነው።

ችግሩ ላይኛውና ታችኛው የተለያየ ወረዳ፣ የተለያየ ማኅበር፣ የተለያየ ሰብል መሆኑ ነው። የጉና ገበሬ እርከን ሲሠራ ድካሙ የራሱ ሲሆን ከጥቅሙ ትልቁን ድርሻ የሚያገኘው ግን አይቶት የማያውቀው የፎገራ ገበሬ ነው። የፎገራ ገበሬ ሩዙን ሸጦ ሲያተርፍ ከዚያ ትርፍ ወደ ላይ የሚወጣ ነገር የለም። አንድ ዩኒየን የድንቹን ገበሬና የሩዙን ገበሬ በአንድ ጣራ ሥር ሊያገናኝ የሚችል ብቸኛው የገበሬው የራሱ ድርጅት ነው። በ1991 ዓ.ም. የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147 ማኅበራት በዩኒየን እንዲደራጁ ሲፈቅድ የታሰበው በዋናነት ገበያው ነበር። ወንዙም ቢሆን ገበያውን ያህል የጋራ ጉዳይ ነው።

ውኃው ሲሸሽ

ስለ ጎርፍ ብዙ ይወራል፤ ስለ መድረቁ ግን ያን ያህል አይወራም። በ1988 ዓ.ም. ባሕር ዳር አጠገብ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ጨራጨራ ላይ የውኃ መቆጣጠሪያ ተሠራ። ከዚያ ወዲህ የሐይቁ መጠን በዝናብ ብቻ ሳይሆን በኤሌክትሪክ ፍላጎትም የሚወሰን ሆነ። በ1995 ዓ.ም. ሐይቁ በጣም ጎድሎ ጀልባዎች ለመንቀሳቀስ ተቸግረው ነበር። በፎገራ በኩል ዳርቻው ርቆ ሸሸ፤ ባሕር ሸሹም ወዲያው ታረሰ። የደንገሉ ዳርቻም አብሮ ታጨደ፤ ተቃጠለ።

የሸሸርና የወላላ ነገር ከዚህ ይብሳል። ከሳተላይት በተነሡ ፎቶግራፎች በተደረገ ጥናት ከ1980 እስከ 2000 ዓ.ም. ባሉት ሃያ ዓመታት ወላላ ከስፋቱ ግማሽ ያህሉን፣ ሸሸር ደግሞ ከአሥር እጅ ዘጠኙን ማጣታቸው ታውቋል። ምክንያቱ አንድ አይደለም። የርብ ካብ ትርፍ ውኃውን ከለከላቸው። ዳርቻቸው ለሩዝ፣ መካከላቸው ለሽምብራ ታረሰ። የቀረውን ውኃ ሞተሩ ለሽንኩርት ሳበው። እያንዳንዱ ገበሬ የወሰደው ጥቂት ነው፤ ማንም ብቻውን ረግረግ አላደረቀም።

ውጤቱ በመጀመሪያ የታየው በከብቱ ላይ ነው። ግጦሹ ሲያልቅ ገበሬው የከብቱን ቁጥር ቀነሰ፤ የቀሩትንም በሩዝ ጭድ ያዛቸው። ጭዱ ሆድ ይሞላል፤ ወተት ግን አይሆንም። ከሌላ አካባቢ የሚገባው ከብትም ከፎገራው ጋር ተደባለቀ። ዛሬ ንጹሑን የፎገራ ዝርያ ለማየት የሚፈልግ ሰው በሜዳው ላይ ብዙ መዞር አለበት። ዝርያው እንዳይጠፋ በአንዳሳና በመተከል የማራቢያ ጣቢያዎች ተጠብቋል። ይህ መልካም ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ረግረግ በመቻሉ የታወቀ ከብት ረግረጉ በሌለበት ቦታ ሲጠበቅ የሚቀረው መልኩ ነው ወይስ ጠባዩ፣ ይህ ሊታሰብበት የሚገባ ጥያቄ ነው።

ዓሣውም እንዲሁ ነው። በጣና ከሚገኙት የነጭ ዓሣ ዓይነቶች አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ የትም የሉም። ከእነዚህ ብዙዎቹ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ በርብና በጉማራ ሽቅብ ወጥተው በጠጠራማው የወንዝ ወለል ላይ እንቁላል ይጥላሉ። መንገዳቸው ጠባብና የታወቀ ስለሆነ መረብ ለሚዘረጋ፣ ብርብራ ወቅጦ ለሚበትንም ሰው የተመቹ ናቸው። በዚያ ላይ ለግንባታ የሚጫነው አሸዋና ጠጠር የሚወጣው ከዚሁ ወለል ነው። በ2004 ዓ.ም. ገደማ በሰሜን ጣና የታየው እምቦጭ ደግሞ ቆይቶ የፎገራን ዳርቻም ያዘ። ደንገሉ የነበረበት ዳር ቢጠበቅ ኖሮ ያመለጠው አፈርና ማዳበሪያ ያን ያህል ሐይቁ ውስጥ ባልገባ ነበር፤ እምቦጩንም የሚያደልበው እሱ ነው።

የርብ ግድብ ግንባታ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ተጀምሮ አሥር ዓመት ያህል ፈጀ። ቁመቱ 73 ሜትር ገደማ ሲሆን 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ እንዲይዝና 20 ሺህ ሄክታር ያህል መሬት እንዲያጠጣ የታቀደ ነው። ግድቡ የክረምቱን ጎርፍ ያለዝባል፤ የበጋውን ውኃ ያበዛል ተብሎ ይጠበቃል። ከዚሁ ጋር ደለሉን ከላይ ያስቀራል፤ ለሸሸርና ለወላላ የሚተርፈውንም ውኃ ይቀንሳል። ሩዝ ግን ያደገው በዚያ ጎርፍና በዚያ ደለል ነው። የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት ቦይና ተራ ሲከፋፈሉ ለረግረጎቹ ምን ያህል ውኃ፣ በየትኛው ወር እንደሚለቀቅ አብረው ቢወስኑ ሥራው አስቸጋሪ አይደለም፤ በግድብ የተያዘ ውኃ የሚለቀቅበት ጊዜ የሚቆረጠው በሰው ነው። ሳይወሰን ከቀረ ግን የመጨረሻው ተራ የረግረጉ ይሆናል፤ የመጨረሻ ተራ ማለት ደግሞ ምን ማለት እንደሆነ በቦይ ጫፍ ላይ መሬት ያለው ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል።

ጉማራ ወደ ጣና በሚገባበት አፍ ላይ ወንዙ ያመጣው ደለል ሐይቁን እየገፋ እንደ ወፍ እግር ጣት ተዘርግቷል። አሮጌዎቹ የአየር ፎቶግራፎች ላይ ውኃ የነበረው ቦታ ዛሬ መሬት ነው። በየዓመቱ ጎርፉ ሲያልፍ ጥቂት ይጨመርበታል፤ መጀመሪያ ደንገልና ሣር ይይዘዋል፤ ሣሩን ፍለጋ ከብት ይገባበታል፤ ከከብቱ በኋላ ደግሞ ማረሻ ይመጣል። በካርታ ላይ አልሰፈረም፤ ባሕር ሸሽም አይደለም፤ ከጉና ተነሥቶ የመጣ የሌላ ወረዳ አፈር ነው። ወሰን የሚያካልሉ ኮሚቴዎች ወደዚያ ሲወርዱ ብዙ ጊዜ የሚያገኙት አስቀድሞ የተዘራ ሽምብራ ነው።